የሉዲንግ ድልድይና አንድ ቀዝቃዛ ቃል

ከቼንግዱ ከተማ በአውቶቡስ ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ሜዳው ያልቅና ተራራው ይጀምራል። ዋሻ ገብተን ወጣን፤ ደግመን ገባን። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ በዳዱ ወንዝ ዳርና ዳር የተቀመጠችው ሉዲንግ ከተማ ደረስን። እዚያ የወሰደኝ፣ ቻይና ለሁለተኛ ዲግሪ ስማር ያነበብኩት አንድ አጭር ግጥም ነው።

የግጥሙ ርዕስ «ረጅሙ ጉዞ» ነው። ማኦ ዜዱንግ የጻፈው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1935፣ የቀይ ጦሩ ጉዞ ሲያበቃ ነው። አገጣጠሙ የጥንቱን የቻይና ሕግ ይከተላል፦ ስምንት ስንኝ፣ ማለትም ስምንት የግጥም መስመር፤ በእያንዳንዱ ስንኝ ሰባት ፊደል። የአንድ ዓመት መከራ በ56 ፊደላት አለቀ። መካከለኞቹ ስንኞች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይነጻጸራሉ፤ በአንዱ ጥንድ የጂንሻ ወንዝ ገደል ሲሞቅ፣ የዳዱ ድልድይ ሰንሰለት ይቀዘቅዛል።

ድልድዩ በ1706 ተሠርቶ አልቋል። ርዝመቱ 100 ሜትር ያህል ነው። 13 የብረት ሰንሰለቶች አሉት፦ ዘጠኙ ወለሉን ይሸከማሉ፣ አራቱ የእጅ መደገፊያ ናቸው። በላዩ ሳንቃ ተነጥፏል። ሰው ሲራመድ ድልድዩ ይወዛወዛል፤ በሳንቃዎቹ መካከል ወንዙ ሲደፈርስ ይታያል።

ሜይ 29 ቀን 1935 ብዙዎቹ ሳንቃዎች ተነቅለው ነበር። በይፋ እንደሚተረከው፣ 22 ወታደሮች ጥይት እየተተኮሰባቸው በሰንሰለቱ ላይ ተሻገሩ። ውጊያው ምን ያህል ከባድ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ዛሬም ይከራከራሉ። ስለ ጉዞው ዋጋ ግን ክርክር የለም። በኦክቶበር 1934 ከጂያንግሺ የተነሣው ጦር 86,000 ያህል ነበር፤ ከዓመት በኋላ ሰሜን ሻንሺ የደረሰው ከ10,000 ያነሰ ነው። ሌሎቹን ውጊያ፣ ረሃብና በሽታ ጨረሷቸው፤ ከድተው የቀሩም ብዙ ናቸው።

ግጥሙ ስለ እነዚህ ሰዎች አያነሳም። ታላላቅ ተራሮችን አሳንሶ ያሳያል፤ የሚያበቃውም በደስታ ነው። ይህ አይገርመኝም፤ የጻፈው መሪ ነው፣ የቀሩትን ማበርታት ነበረበት።

ሰንሰለቱን ስይዘው ግን ብረቱ በፀሐይ ግሎ ነበር። በሜይ መጨረሻም ሉዲንግ አይበርድም። ስለዚህ የግጥሙ ቅዝቃዜ የአየሩ አይመስለኝም። በእኔ ንባብ፣ ከ56ቱ ፊደላት ሞትን የምታስታውሰው ያቺ አንዷ ናት።