አያቴ የተወለደችው የት ነው?

የቤተሰባችንን የዘር ሐረግ ግራምፕስ በሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ስመዘግብ የአያቴን የትውልድ ቦታ «ከሚሴ አካባቢ፣ አማራ ክልል» ብዬ ጻፍኩ። አጎቴ አይተው ሳቁብኝ። «እናቴ ስትወለድ ክልል መች ነበር?»

እውነታቸውን ነው። ያኔ ወሎ ጠቅላይ ግዛት ነበር፤ በደርግ ጊዜ ክፍለ ሀገር ተባለ፤ ከደርግ በኋላ ደግሞ አካባቢው በአማራ ክልል ሥር ሆነ። ደስ ያለኝ፣ ፕሮግራሙ ሁሉንም ከነዘመኑ ይቀበላል፤ አዲሱን ለመጻፍ አሮጌውን ማጥፋት የለም።

ለቦታው የማስታወሻ መጻፊያም አለው። አጎቴ የነገሩኝን እዚያ አሰፈርኩ፦ ቤቱ ከመስጊዱ በታች፣ ከወንዙ ማዶ። የአያቴ አባት ቀብር የቱ ጋ እንደሆነ ግን «በኋላ እጠይቃቸዋለሁ» እያልኩ አጎቴ ወደ አኼራ ሄዱ፤ አላህ ይዘንላቸው። ባለፈው ለዚያራ ሄጄ ከየትኛው ቀብር አጠገብ እንደምቆም ጠፋኝ። ማስታወሻው ላይ ያ መስመር አሁንም ባዶ ነው።