የቡፌው መስታወት ያረፈው በምን ላይ ነው?

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም ሌሊት ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሳው በሬክተር ስኬል 5.7 ገደማ የተለካ የመሬት መንቀጥቀጥ ስንቱን ከእንቅልፉ ሲቀሰቅስ፣ በብዙ ቤት ቀድሞ የተሰማው ግድግዳው ወይም ጣሪያው አልነበረም። ቡፌው ነው። ሲኒው ከሲኒ፣ ብርጭቆው ከብርጭቆ፣ መደርደሪያው መስታወት ከተቀመጠበት ብረት ጋር ይንቋቋ ጀመር። የካቲት 7 ቀን እንደገና፣ ያውም 6.0 ሆኖ ሲመጣ፣ ያንን ድምፅ የለመደ ሰው አልጋው ሳይወዛወዝ በፊት ነቅቷል።

በእነዚያ ወራት ስለ ብዙ ነገር ተወራ። ስለ ዶፈን ተራራ እንፋሎት፣ ስለ ከሰም ግድብ፣ ከቀያቸው ስለተነሱት ሰዎች፣ ስለ አዲስ አበባ ፎቆች። ሁሉም የሚገባ ወሬ ነው። ስለ ቡፌው ግን ማንም አልተናገረም፤ ቢናገርም የሚሰማው አልነበረም። ሰው ሊሞት በሚችልበት ጊዜ ስለ ሲኒ ማውራት ነውር ይመስላል። ነገር ግን ቤት በማይፈርስበት መካከለኛ መንቀጥቀጥ ሰውን የሚጎዳው ከላይ የሚወርድ ዕቃ ነው፤ ከሚወርደውም ዕቃ የከፋው መስታወት ነው። ሌሊት፣ መብራት በሌለበት፣ በባዶ እግሩ ልጁን ሊያነሳ የሚሮጥ አባት የሚረግጠው እሱን ነው።

አሊዩ አምባን እንውሰድ። ከደብረ ብርሃን ተነስቶ አንኮበር የደረሰ መንገደኛ ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁለት ብቻ ነው፤ ከብርዱ ወጥቶ ወደ ሙቀቱ እየወረደ አሊዩ አምባን ያገኛታል። ከእሷ በታች የአፋር ሜዳ ነው። ከዶፈን ተራራ በአየር መስመር ቢለካ ከ50 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። የስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት ማለት ነው፤ መሬቱ ሲነቃነቅ ከአዲስ አበባ ይልቅ ለምንጩ እሷ ትቀርባለች።

ይህች ከተማ ዛሬ በዜና ስሟ አይነሳም እንጂ በሣህለ ሥላሴ ዘመን የሸዋ በር ነበረች። አርጎባው፣ አፋሩ፣ የሐረር ነጋዴው፣ የደጋው ገበሬ የሚገናኙባት ገበያ ነበረች፤ አሞሌው፣ ቡናው፣ ጨርቁ እዚያ እጅ ይለውጥ ነበር። በ1833 ዓ.ም ክረምት፣ በአውሮፓውያን 1841፣ በዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ከታጁራ ጠረፍ በግመል ተጉዞ ወደ ንጉሡ ከመውጣቱ በፊት ያረፈው አሊዩ አምባ ነው። በማግሥቱ ዓመት ቻርልስ ጆንስተን የተባለው ሌላው እንግሊዛዊ እዚያው ተቀምጦ ስለ ከተማዋ ጽፏል። ዕቃውን በግመል ጀርባ ከባሕር እስከ አንኮበር ሥር ሳይሰበር የሚያደርስ ነጋዴ አንድ ነገር ያውቃል፦ ተሰባሪ ነገርን የሚያድነው ጥንካሬው ሳይሆን አስተሻሸጉ ነው።

መንቀጥቀጡም ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። የአዲስ አበባውን የጂኦፊዚክስ ታዛቢ ጣቢያ ያቋቋሙት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፒየር ጉዌን የኢትዮጵያን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በ1979 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አሳትመዋል። በዚያ መዝገብ ውስጥ በ1840ዎቹ መጀመሪያ አንኮበር ላይ የደረሰው መንቀጥቀጥና የመሬት መንሸራተት አለ። በዚሁ በሰሜን ሸዋ ግን የባሰው የመጣው በ1953 ዓ.ም ግንቦትና ሰኔ ነው። ካራ ቆሬ አካባቢ ተነስቶ ማጀቴን አፈራረሳት፤ የአዲስ አበባ–ደሴን መንገድም ሰነጣጠቀው። አያቶች «ያ የመሬት መንቀጥቀጥ» የሚሉት ብዙ ጊዜ እሱን ነው። በዚያን ጊዜ ግን በገበሬው ቤት የመስታወት መደርደሪያ አልነበረም። ዕቃው ከቆጥ ላይ ነበር፤ ወይም ከግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፤ ወይም በሙዳይ ውስጥ። ቢወድቅም ቅል፣ ሸክላ ወይም ስፌት ነው።

ዛሬ ቡፌ የሌለበት ሳሎን ማግኘት ይከብዳል። የሰርጉ ስጦታ ሳይነካ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ለእንግዳ ብቻ የሚወጣው ሲኒ፣ የላስቲክ አበባው፣ የልጅቷ የምረቃ ፎቶ፣ ከጅዳ ወይም ከቤይሩት የተላከው የብርጭቆ ስብስብ ሁሉ በዚያ መስታወት ላይ ነው። ዓረብ አገር ሦስት ዓመት የለፋች ልጅ የላከችው ዕቃ ዋጋው በብር አይተመንም። ሻጩ ስለ ጀርባው መስታወትና ስለ ትንንሾቹ አምፖሎች በሰፊው ያስረዳል። መደርደሪያው በምን ላይ እንዳረፈ የሚጠይቅ ገዢም፣ የሚናገር ሻጭም የለም።

ያረፈው ብዙውን ጊዜ በአራት ፒን ላይ ነው። በቺፑድ ወይም በኤምዲኤፍ ጎን ላይ 5 ሚሊ ሜትር በሚሆን ቀዳዳ የሚገባ፣ ወደ ውስጥ 8 ወይም 10 ሚሊ ሜትር የሚወጣ የብረት ወይም የላስቲክ ጫፍ ነው። መስታወቱ አልታሰረም፤ በላዩ ተቀምጧል እንጂ። እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ይጠቅማል። አናጢው መስታወቱ በቀላሉ እንዲገባ ብሎ ከቡፌው ውስጣዊ ስፋት 6 ሚሊ ሜትር አሳጥሮ ቢያስቆርጠው፣ መሐል ላይ ሲቀመጥ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኖረዋል። ፒኑ 8 ሚሊ ሜትር ከወጣ መስታወቱ በየጎኑ 5 ሚሊ ሜትር ይደገፋል። መሬቱ ሲወዛወዝ ግን መስታወቱ ወደ አንድ ጎን ይንሸራተትና በሌላኛው ጎን የሚቀረው 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። ቡፌው ከከበደው ጎኖቹ ወደ ውጭ ትንሽ ይለጠጣሉ፤ በተለይ ጀርባው በቀጭን ሚስማር የተመታ ስስ ኮምፔልሳቶ ከሆነ። ያቺም 2 ሚሊ ሜትር ትጠፋለች። መስታወቱ ሳይሰበር፣ ፒኑም ሳይነቀል፣ ከነሲኒው ቁልቁል ይወርዳል። የታችኛውን መደርደሪያ ይዞ።

ድምፁስ ከየት ይመጣል? ጠፍጣፋና የማይታጠፍ ነገር በአራት ነጥብ ላይ ሲቀመጥ በእውነት የሚነካው ሦስቱን ነው። ባለ አራት እግር ዱካ መሬቱ ካልተስተካከለ እንደሚንገዋለለው ማለት ነው፤ ባለ ሦስት እግሩ ግን የትም ይቆማል። አራተኛው ፒን ከመስታወቱ በፀጉር ያህል ይርቃል። የጭነት መኪና በበር ሲያልፍ፣ ልጅ ሲሮጥ፣ ሙዚቃ ሲከፈት መስታወቱ ያቺን ፀጉር እየዘለለ ብረቱን ይመታል። የሚንቋቋው ይህ ነው። ለማወቅ በጣት አራቱንም ማዕዘን በየተራ መጫን በቂ ነው፤ የሚርገበገበው ማዕዘን ወዲያውኑ ራሱን ያጋልጣል። ጩኸቱ የጆሮ ጉዳይ ብቻ አይደለም። መስታወት በሰፊው ሲጫኑት ይችላል፤ በአንዲት ነጥብ ላይ በብረት ሲመቱት ግን ጠርዙ ላይ ጥቃቅን ስንጥቅ ይይዛል፤ መስታወትም የሚሰበረው ከጠርዙ ጀምሮ ነው። የሚንቋቋ መደርደሪያ ቀስ እያለ ራሱን እየሰበረ ያለ መደርደሪያ ሊሆን ይችላል።

እናቶች ለዚህ መፍትሔ ያገኙ ይመስላቸዋል፦ ዳንቴል። በመስታወቱና በሲኒው መካከል የተነጠፈው ዳንቴል የሲኒውን ድምፅ በእርግጥ ያፍነዋል፤ ያምራልም። ግን ጨርቅ በመስታወት ላይ ይንሸራተታል። መሬት ሲወዛወዝ ዳንቴሉ ሙሉ ረከቦቱን እንደ ሰሌን ጎትቶ ሊያወርደው ይችላል። ለስላሳ ነገር ሁሉ አይዝም።

አናጢዎቹ ያላቸው መላ የተሻለ ነው። ያረጀ ካላማዳሪ በመቀስ ቆርጠው፣ የአንድ ሳንቲም ስፋት አድርገው፣ በእያንዳንዱ ፒን ላይ ያስቀምጣሉ። ጎማው ትንሽ ስለሚሟሽሽ አራተኛው ፒንም ሸክሙን ይካፈላል፤ ድምፁ ይጠፋል፤ መስታወቱም አይንሸራተትም። ዋጋው ምንም ነው። ከዚህ በላይ ማድረግ የሚፈልግ ደግሞ ከፊት ለፊት ከመስታወቱ ከፍ የምትል ቀጭን የእንጨት ከንፈር ያስመታል፤ ወይም ከላይና ከታች መስታወቱን የሚይዝ ባለ ብሎን መያዣ ይገዛል። ብሎኑ በእጅ እንጂ በጉልበት አይጠበቅም፤ በመሐሉም ጎማ ሊኖር ግድ ነው።

የመስታወቱን ዓይነት መምረጥም ሌላ ጣጣ አለው። በየሰፈሩ መደርደሪያ ሆኖ የሚቆረጠው አብዛኛውን ጊዜ የመስኮት 4 ሚሊ ሜትር ነው። መስታወት በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ውፍረት በካሬ ሜትር 2.5 ኪሎ ይመዝናል፤ ስለዚህ 80 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ 6 ሚሊ ሜትር መደርደሪያ ባዶውን 3.6 ኪሎ ነው። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን መጉበጥን የመቋቋም አቅሙ 8 እጥፍ ያድጋል። ርዝመቱ እጥፍ ሲሆንና ዕቃው በዚያው መጠን ሲደረደርበት ደግሞ ጉብጠቱ 16 እጥፍ ይሆናል። ረጅም ቡፌ የሚያማልል ቢሆንም መሐሉ ላይ ድጋፍ ከሌለው ሰፊ ሳቅ ይመስላል። ቴምፐርድ የሚባለው መስታወት ከተራው አራትና አምስት እጥፍ ይጠነክራል፤ ሲሰበርም እንደ ስለት ሳይሆን እንደ በረዶ ፍርፋሪ ነው። ነገር ግን የሚጎብጠው እኩል ነው፤ ከተጠበሰ በኋላም ሊቆረጥ አይችልም፤ ልኩ ከተሳሳተ ተሳሳተ ነው።

ይህ የቤት ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ለቡፌ ሻጮች ትቶ ማለፍ ይቻል ነበር። በየደብሩ ሙዚየም እየተሠራ ነው። ለዘመናት በዕቃ ቤት በጨለማ የኖረ መስቀል፣ ዘውድ፣ የብራና መጽሐፍ ዛሬ በመስታወት ሣጥን፣ በመስታወት መደርደሪያ ላይ እየወጣ ነው። የሸዋ ነገሥታት መናገሻ በነበረችው አንኮበርና በዙሪያዋ ያለው ቅርስ ቀላል አይደለም፤ ያለውም በዚያው በሚንቀጠቀጠው አፋፍ ላይ ነው።

መንቀጥቀጡ የግድ ከመሬት በታች መምጣት የለበትም። በ2013 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በእንግሊዝ አገር በማንችስተር ሙዚየም፣ ኔብ ሰኑ የተባለ 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን የጥንት ግብፅ ሐውልት በተዘጋ ሣጥን ውስጥ በመስታወት መደርደሪያ ላይ በራሱ ሲዞር በካሜራ ተቀረጸ። ጀርባውን ለጎብኚው እየሰጠ። የፈርዖን እርግማን ነው የሚሉ በረከቱ። የሚዞረው ግን ቀን ቀን ብቻ ነበር፤ ሌሊት ይቆማል። ባለሙያ መጥቶ ንዝረቱን ሲለካው የጎብኚው እግርና የውጭው መኪና መስታወቱን ያንቀጠቅጡታል፤ የሐውልቱም ሥር በመጠኑ ጎበጥ ያለ ስለነበረ ይዞራል። እኛ ዘንድ ቢሆን ጠበል ይረጭ ነበር፤ ደግነቱ ጠበሉ መስታወት አይጎዳም።

የሙዚየሙ መደርደሪያ ከሳሎኑ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ ካላማዳሪው እዚያ ጠላት ይሆናል። የመኪና ጎማ የሚጠነክረው በድኝ ነው። ድኙ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ቀስ በቀስ ይተናል፤ ብርንም ያጠቁራል። የብር መስቀል ከዓመት ዓመት እየጠቆረ ቢሄድ ሁልጊዜ ጥፋቱ የቄሰ ገበዙ አይደለም፤ የአናጢው ጎማ ሊሆን ይችላል። ሱፍም ድኝ አለበት። እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው ርካሹ ሲሊኮን አሲድ ያወጣል፤ እርሳስንና መዳብ ያለበትን ብረት ይበላል። ቺፑዱና ኤምዲኤፉም ከራሳቸው የሚያወጡት ጋዝ አለ። ትልልቆቹ ሙዚየሞች ከ1970ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ ለዚህ መፈተኛ አላቸው፤ አንድሩ ኦዲ በብሪትሽ ሙዚየም የጀመረው ነው። ሣጥኑ የሚሠራበትን ዕቃ ትንሽ ቁራጭ ከብር፣ ከመዳብና ከእርሳስ ቅጠል ጋር በጠርሙስ ከትንሽ ውኃ ጋር አሽገው በ60 ዲግሪ ሙቀት 28 ቀን ያቆዩታል። ብረቱ ካልተለወጠ ዕቃው ይገባል፤ ከተለወጠ ይጣላል። ማሞቂያና ጠርሙስ ያለው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ክፍል ይህን ለአካባቢው አድባራት ሊያደርግላቸው የሚያግደው ነገር የለም። ለቅርሱ የሚሻለው ሽታ የሌለው፣ ኒውትራል የሚባለው ሲሊኮን ወይም ነጩ የፖሊኢቲሊን ስፖንጅ ነው።

የተቀረው የቡፌው የራሱ መቆም ነው። መደርደሪያው የቱንም ያህል ቢያዝ ቡፌው በፊቱ ከተደፋ ከንቱ ነው። ከላይ በሁለት ማዕዘን በብረት ከግድግዳ ይታሰራል። ብሎኬት ከሆነ በትራፓኖ ተበስቶ በፊሸር፤ የጭቃ ቤት ከሆነ ደግሞ ጭቃው ስለማይዝ ከውስጥ ያለው ቋሚ እንጨት ተፈልጎ እሱ ላይ ይመታል። ግድግዳውን በጣት እያንኳኩ ድምፁ የሚደፈርስበትን ቦታ መፈለግ ነው። ከባዱ ዕቃ፣ ሸክላው ድስትና ፌርሙዙ፣ ከታች ይውረድ፤ ፎቶውና የላስቲክ አበባው ከላይ ይሁን። አሊዩ አምባ ላይ ቡፌ ያለው ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጨርሰዋል፤ ካላማዳሪውም ከጎሚስታው በነፃ ይገኛል።