ቡናው አልጋ ላይ፣ እኛ ሊሾ ላይ

ጌዴኦ ውስጥ ከሁሉ የተሻለ አልጋ ያለው ማን ነው ብትሉን ሳናቅማማ “ቡና” እንላችኋለን። በኅዳርና በታኅሣሥ ከዲላ ተነስታችሁ በወናጎ በኩል ወደ ይርጋጨፌ ብትሄዱ፣ የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎቹ ግቢ ውስጥ ረድፍ ይዘው የቆሙ አልጋዎች ታያላችሁ። እግራቸው እንጨት፣ ወለላቸው ወንፊት ሽቦ፣ ቁመታቸው እስከ ሰው ወገብ ነው። ቡናው እዚያ ላይ ሳሳ ተደርጎ ይሰጣል። ነፋስ ከላይም ከታችም ያገኘዋል። ቀትር ላይ ፀሐይዋ ስትከርር ይሸፈንለታል፣ ማታ ጤዛ እንዳይነካው ይሸፈንለታል፣ ቀኑን ሙሉ የሚያገላብጡት ሰዎች አሉት (አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው)። የታጠበ ቡና አልጋ ላይ ሲወጣ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው፤ ሁለት ሳምንት ገደማ ተኝቶ 11 ወይም 12 በመቶ ሲደርስ ይነሳል። መሬት ላይ የተሰጣ ቡና ምን እንደሚሆን ገበሬው ጠንቅቆ ያውቃል። ይሻግታል፣ አፈር አፈር ይላል፣ ዋጋውም ይወድቃል።

ታዲያ ያንን ቡና ስታገላብጥ የዋለች ልጅ ማታ ምን ላይ ነው የምትተኛው? አዲስ የተመደበው መምህርስ? የባንኩ ጀማሪ ሠራተኛስ? ዲላ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቶ የኖረ ሰው መልሱ አይጠፋውም፦ ሊሾ ላይ የተነጠፈ ስፖንጅ። ብዙ ጊዜም ከሱቅ የመጣበት ፕላስቲክ ሳይወጣለት። “እንዳይቆሽሽ” ነው ምክንያቱ። እኛ ሦስት ሆነን በተከራየንበት ግቢ የጎረቤታችን ፍራሽ እንዲሁ ነበር። የበልጉ ዝናብ ሲያበቃ ክፍሏን ለማጽዳት ፍራሹን ብታነሳው ከሥሩ ጥቁርና አረንጓዴ ካርታ ተስሎበት አገኘችው። ከተገዛ ገና ዘጠኝ ወሩ ነው! ከዚያ በፊት ሁለት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት እያስነጠሰች “ብርድ መታኝ” ስትለን፣ እኛም ዝንጅብል እያፈላን ስንሰጣት ከርመናል።

ነገሩ ምሥጢር የለውም። ሰው ተኝቶ በሚያድርበት ሰዓት በላብና በትንፋሽ ከአንድ ብርጭቆ የማያንስ ውሃ ያወጣል (“እኔ አያልበኝም” የምትሉትም ጭምር)። ከዚያ ውስጥ የተወሰነው ወደ ታች፣ ወደ ፍራሹ ይገባል። ሞቃት እንፋሎት ቀዝቃዛ ሊሾ ሲያገኝ የሚሆነውን ለማወቅ የድስት ክዳን ከፍቶ ማየት ይበቃል። ፕላስቲኩ ደግሞ መውጫውን ይዘጋል። ዲላ በበልግም፣ ከክረምቱ ማብቂያ በኋላም ደህና ዝናብ የምታገኝ ሞቅ ያለች ከተማ ናት። ለሻጋታና በዓይን ለማይታዩት የአቧራ ተባዮች ከዚህ የተሻለ ድግስ የለም። አስም ያለበት ሰው ደግሞ የእነዚህን ነገር ከእኛ በላይ ያውቃል።

ይህ የቅንጦት ወሬ ነው የሚል ካለ 2010 ዓ.ም.ን ያስታውስ። በዚያ ዓመት ከሚያዝያ ጀምሮ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሳው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቤቱ ተፈናቅሎ በትምህርት ቤቶች፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢዎችና ተሠርተው ባላለቁ ሕንፃዎች ውስጥ ሲሚንቶ ላይ አደረ። እ.ኤ.አ. 2018 ኢትዮጵያ በግጭት ምክንያት በአዲስ በተፈናቀሉ ሰዎች ብዛት ከዓለም አንደኛ የሆነችበት ዓመት ነው። ወቅቱ ዝናብ ነበር። በገላና በሲሚንቶ መካከል ምን አለ የሚለው ጥያቄ ለእነዚያ ሰዎች የጤና ጥያቄ ነበር፤ ለሕፃናቱማ ምኑ ይነገራል።

ወደ ጎረቤታችን እንመለስ። ሁለተኛ ፍራሽ ለመግዛት ስትነሳ እኛም አብረን ወጣን። አንድ ሱቅ ውስጥ ሻጩ “ስፕሪንግ ነው የሚያዋጣሽ፤ አሥር ዓመት ይሄዳል” አላት። እኛ ደግሞ መጠየቅ አመላችን ነውና “የሽቦው ውፍረት ስንት ነው? ስንት ዙር አለው? ዚንክ ተቀብቷል?” አልነው። ትንሽ ዝም ብሎ አየንና “እህቶቼ፣ ፍራሽ ነው የምትገዙት ወይስ ድልድይ?” አለን። ሳቅን። ጥያቄው ግን የዋዛ አልነበረም። ዋጋው የደሞዟን ግማሽ የሚበልጥ ዕቃ ስትገዛ ጨርቁ ላይ ያለውን አበባ ብቻ አይታ ነው እንዴ የምትወስነው?

ስፕሪንግን የፈረንጅ ነገር አድርጎ ማየት የለመድነው የጠፍር አልጋን ረስተን ነው። የእንጨት ፍሬም፣ በላዩ ላይ መረብ ሆኖ የተጠለፈ የቆዳ ጠፍር። ሲተኙበት እሺ ይላል፣ ሲነሱ ይመለሳል፣ በቀዳዳዎቹም አየር ያልፋል። ስፕሪንግ ማለት ከዚህ ሌላ ምንድን ነው? ጉድለቱ እርጥበት ሲያገኝ መርገቡ ነው፤ ስለዚህ በየጊዜው መወጠር ይፈልጋል። ቀጥሎ የመጣው የሽቦ አልጋ በየሆስፒታሉና በየአዳሪ ትምህርት ቤቱ የምናውቀው ነው፤ መረቡ ጫፍና ጫፍ ላይ በትናንሽ ስፕሪንጎች ተወጥሮ ሲያረጅ መሐሉ ይጎደጉድና ተኚውን ሙዝ ያስመስለዋል።

ስፕሪንጉን ፍራሹ ውስጥ የከተተው ሄንሪክ ቬስትፋል የሚባል ጀርመናዊ እንደሆነ ይነገራል፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1871 ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 ደግሞ ጄምስ ማርሻል ካናዳ ውስጥ እያንዳንዱን ስፕሪንግ በየራሱ የጨርቅ ከረጢት ውስጥ አስገባው። አንዱ ሲገላበጥ ሌላው እንዳይነቃ የሚጠቅም ነገር ነው (አንድ ፍራሽ ለሦስት የተካፈለ ሰው ጥቅሙን ያውቃል)። ዛሬ ውድ የሚባሉት ፍራሾች የማርሻል ዘሮች ናቸው። ለዲላ ግን እኛ ርካሹን፣ ወገቡ ቀጭን ላይና ታቹ ሰፊ የሆነውን ክፍት ስፕሪንግ እንመርጣለን። ከረጢት የለበትም፤ በስፕሪንጎቹ መካከል ያለው ቦታ ባዶ ነው። ሰው በተገላበጠ ቁጥር ፍራሹ እንደ አንጥረኛ ወናፍ አየር ይስባል፣ ይተፋል። ቅርጹም ብልህነት አለው። ሰፊዎቹ ዙሮች ለስለስ ስለሚሉ ቀድመው ይወርዳሉ፤ ክብደቱ ሲጨምር ጠበብ ያለው ወገብ ይቀበለዋል። ቀጭኗም ወፍራሙም በየልካቸው ይተኛሉ።

ድልድይ ያሰኘን የሽቦው ጉዳይ ይኸውላችሁ። የስፕሪንግ ጥንካሬ ከሽቦው ውፍረት ጋር የሚያድገው በአራተኛ ርቢ ነው። ሽቦው እጥፍ ቢወፍር ጥንካሬው 16 እጥፍ ይሆናል። የጥቅሉ ስፋት እጥፍ ቢሆን ደግሞ ጥንካሬው ወደ ስምንተኛ እጁ ይወርዳል፤ ዙሩ ሲበዛም ይለሰልሳል። ይህ ሒሳብ ዝገት ሲገባበት ያስፈራል። 2.2 ሚሊ ሜትር የነበረ ሽቦ በዝገት ተበልቶ 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን በዓይን አይታወቅም፤ ጥንካሬው ግን ሲሶ ያህሉን አጥቷል። “ስፕሪንጉ ሞተ” የምንለው ብዙ ጊዜ ይህን ነው። ሌላው አሟሟቱ ደግሞ ድካም ነው፤ ብረት በአንድ ጊዜ ጫና ሳይሰበር በሺህ ጊዜ መታጠፍ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ብረቱ ካርቦኑ ከፍ ያለ መሆን አለበት (የአጥር ሽቦ ብትጠቀልሉ አንዴ ተጭኖ እዚያው ይቀራል)፤ ከተጠቀለለ በኋላም በመጠኑ እንደገና መሞቅ ይፈልጋል። ይህችን ማሞቅ የዘለለ ሠራተኛ የሚሸጥላችሁ ፍራሽ በዓመቱ ቁመቱን ይጥላል።

እንግዲህ ለዚህ ከተማ ፍራሽ ሥሩ ብንባል ከሽቦው ቀጥሎ የምንጨነቀው ለጎኑ ነው። ወናፉ የሚተነፍስበት አፍንጫ ያስፈልገዋላ! ዙሪያውን ወንፊት ጨርቅ፣ ላዩን ጥጥ፣ ሥሩን ደግሞ አየር የሚያሳልፍ ሳሳ ያለ ሸማ እናደርግ ነበር። በስፕሪንጉና በላይኛው ድልዳል መካከል ሽቦው እንዳይወጋ የሚከለክል ጠንካራ ንጣፍ ያስፈልጋል። ሌላው ዓለም ለዚህ የኮኮናት ልጣጭ ጭረትና የሲሳል ቃጫ ይጠቀማል። እኛ ጋ እንሰት አለ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ምሰሶው እንሰትና ቡና በዛፍ ጥላ ሥር አብረው መብቀላቸው ነው። ሴቶቹ ለቆጮ ሲፍቁት ቃጫው ለብቻው ይወጣል፤ ተልጎ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ ገመድና ከረጢት ይሆናል። ለምን የፍራሽ ንጣፍ አይሆንም? ጠንካራ ነው፣ አየር ያሳልፋል፣ በደጃችን ነው። ስፖንጁ ግን ከሩቅ ተጭኖ ይመጣል።

ይህን ሁሉ አውርተን ስናበቃ ጎረቤታችን “እሺ፣ እስከዚያው እኔ ምን ላይ ልተኛ?” አለችን። ልክ ናት። የስፕሪንጉ ዋጋ ከአቅሟ በላይ ነበር፤ ሻጩም ስለ ሽቦው አንዲት ነገር ሊነግረን አልቻለም። ስለዚህ ስፖንጅ ለመግዛት ተስማማን፤ ግን በሚዛን።

ይህችን ዘዴ ያዟት። ስፖንጅ በገበያችን የሚሸጠው በውፍረት ነው፤ ዕድሜውን የሚወስነው ግን ጥግግቱ ነው። 190 በ90 በ15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ስፖንጅ ሩብ ሜትር ኩብ ከምንም ያልበለጠ ነው። በሜትር ኩብ 18 ኪሎ የሚመዝነው ልል ዓይነት ከሆነ ጠቅላላ ክብደቱ 4.6 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ 30 ኪሎ የሚመዝነው ጠንካራው ከሆነ ደግሞ 7.7 ይደርሳል። በእጅ ጫን ጫን እያደረጉ መሞከር ይህን አይነግራችሁም። ዲላ የቡና ከተማ ናት፣ ሚዛን አይቸግርም፤ ከአንድ ሱቅ ተበድረን መዘንን። ሻጩ አሁን ድልድዩን ትቶ “ሥጋ ነው እንዴ?” አለን። (ክብደት ለመጨመር የኖራ ድንጋይ ዱቄት የሚደባለቅበት ስፖንጅም በዓለም ገበያ አለ፤ ተጭኖ ቶሎ የማይመለስና ሲያሹት ዱቄት ዱቄት የሚል ከሆነ ሚዛኑን አትመኑት።) ሰባት ተኩል የመዘነውን ወሰደች። ከልሉ ይወደዳል፤ በዘጠኝ ወር ሁለት ጊዜ ከመግዛት ግን ይረክሳል።

ከዚያ ብየዳ ቤት ሄደን አልጋ አዘዝን። ጌጥ የለው፣ ራስጌ የለው፤ አራት እግርና የእንጨት ርብራብ ብቻ። በርብራቦቹ መካከል ስድስት ስድስት ሳንቲ ሜትር ክፍተት፣ ከግድግዳውም ትንሽ ፈቀቅ። እግሩን 40 ሳንቲ ሜትር ስንለው ባለሙያው “ብረት ጨረሳችሁ፣ ሃያ ይበቃል” ብሎ ተከራከረን። በመጨረሻ በ35 ተስማማን። ፕላስቲኩን እዚያው ሱቅ በር ላይ ገፈን ጣልነው፤ ሻጩ ዓይኑ እያየ።

አንድ ነገር ለራሳችን ሙከራ ጨመርን። ገበያ ወጥተን ሁለት ጥቅል የእንሰት ቃጫ ገዛን። የምትሸጠው እናት “ልጆቼ፣ ገመድ ልትፈትሉ ነው?” ሲሉን “አይ እማማ፣ ልንተኛበት ነው” ብንላቸው ግራ ገብቷቸው አንድ ጥቅል መረቁልን። ቃጫውን በእጅ በጥሰን፣ በአሮጌ አንሶላ ውስጥ በትነን፣ እንዳይንሸራተት በመርፌ ቁጢት ላይ በላይ ሰፋንና በርብራቡና በስፖንጁ መካከል አነጠፍነው። የመጀመሪያው ሳምንት ክፍሉ ቆጮ ቆጮ ይሸት ነበር፤ አሁን ጠፍቷል።

የዘንድሮው በልግ ከገባ አምስተኛ ሳምንቱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የፍራሹን ጥግ ከፍ አድርገን ሥሩን በእጃችን እንዳብሳለን። እስካሁን ደረቅ ነው። በግድግዳው በኩል ያለው ጥግ ብቻ ባለፈው ቅዳሜ ትንሽ ቀዝቀዝ ብሎናል፤ አልጋውን አንድ ስንዝር ያህል ወደ ውስጥ ሳብነው። ዝናቡ ሲያባራ አንሶላውን ተርትረን ቃጫውን እናየዋለን፤ የሆነውንም እዚሁ እንጽፋለን።