የሚያልፈው አይሮፕላን ስም

ቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ላደገ ሰው የሞተር ድምፅ እንደ ዶሮ ጩኸት ነው፤ የሚያስደነግጠው ሲጠፋ ነው። ታዲያ ቁራና ርግብን ለይቶ የሚጠራው የሠፈሬ ሰው፥ ከበላዩ ለሚያልፈው ሁሉ «አይሮፕላን» የሚል አንድ ስም ብቻ ይበቃዋል።

መለየቱ እኮ አያስቸግርም። ክንፉ ከጀርባው ላይ ተሰክቶ ሁለት ውልብልቢት የሚያሽከረክረው ኪው 400 ነው፤ ወደ ክፍለ ሀገር የሚመላለሰው እሱ ነው። ከሥሩ ሲያዩት ሆዱ ላይ ሁለት ጥቋቁር ክቦች ካሉት 737 ነው፤ ጎማዎቹን የሚከድን ሙሉ መዝጊያ ስለሌለው ከታጠፉም በኋላ ይታያሉ። ክንፉ እንደ ቀስት ወደ ላይ የሚለመጠው፥ የሞተሩ የኋላ ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ የሆነው 787 ነው፤ አየር መንገዳችን በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ ቀድሞ ያስመጣው። ጥቁር መነጽር ያደረገ የሚመስለው ደሞ ኤርባስ ኤ350 ነው።

ሲነሡ እንዲያ የሚያቃስቱትም ያለ ምክንያት አይደለም። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ የክንፉም የሞተሩም ጉልበት ይቀንሳል፤ መንደርደሪያው ይረዝማል።

የአንዱን ስም ግን የተማርነው በሐዘን ነው። እሑድ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ጧት ወደ ናይሮቢ የተነሣው 737 ማክስ በ6 ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ፤ 157 ሰው አለቀ። «ማክስ» የሚለውን ቃል ከዚያ በፊት በሠፈራችን ማን ያውቀው ነበር? ከዚያ ወዲያ ግን ጉልት የምትቸረችረዋ ሳትቀር አወቀችው። በዓለም ያሉት ማክሶች ሁሉ መሬት ላይ ዋሉ። አፍንጫውን ወደ ታች የሚደፍቀው ሥርዓት ከታረመ በኋላ፥ እኛ ዘንድ ዳግመኛ የበረረው በጥር 2014 ዓ.ም. ነው። ምልክቱ የክንፉ ጫፍ ነው፤ እንደ ባላ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ወደ ላይ፥ አንዱ ወደ ታች ይጠቁማል። ያንን ባላ ባየሁ ቁጥር ደመና ውስጥ እስኪገባ ዓይኔን አልነቅልም።

«ሥነ ጽሑፍ ለሚማር ሰው የብረት ስም መቁጠር ምን ይረባዋል?» የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። መልሴ አጭር ነው፤ ስሙን የማያውቁትን ነገር ልብ ብሎ ማየት ይቸግራል። ይሁንና ስም ሁሉን አይነግርም። እኅቴ ለቤት ሠራተኝነት ቤይሩት የሄደችበትን ዓይነት ከነክንፉ ልስልላችሁ እችላለሁ፤ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ሠፈራችንን ቁልቁል ስታይ ምን እንዳሰበች ግን ከየትኛውም ክንፍ ላይ አይነበብም።

እናቴ ዓይነቱን ጠይቃኝ አታውቅም። ሌሊት ድምፅ በሰማች ቁጥር «በሰላም ያግባችሁ» ትላለች፤ ለትንሹም ለትልቁም፥ ለሚሄደውም ለሚመጣውም። እኔም አሁን አሁን መጀመሪያ እሱን እላለሁ፤ ስሙን የምጠራው ከዚያ በኋላ ነው።