ስለ ሕግና ስለ ምላስ

ሕግ ሰውን የሚጠብቅ አጥር ነው፤ አጥሩ እሾኹን ወደ ውስጥ ያዞረ እንደ ሆነ ግን የሚወጋው በውስጡ የሚኖረውን ነው። ይህን ያሳሰበኝ ስለ ስዊድን አገር ያነበብሁት ታሪክ ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

በልደታቸው ጊዜ ወንድ ወይም ሴት ተብለው የተመዘገቡ፣ በልባቸው ግን ጾታቸውን ከተመዘገበው ሌላ አድርገው የሚያውቁ ሰዎች አሉ፤ በዛሬ አጠራር ትራንስጀንደር ይባላሉ። እነዚህ ሰዎች በመንግሥት መዝገብ ላይ ጾታቸውን እንዲለውጡ በሕግ በመፍቀድ ስዊድን በ1972 ከዓለም የመጀመሪያዪቱ ሆነች። ይሁን እንጂ ሕጉ በቀኝ እጁ የሰጠውን በግራ እጁ ወሰደው፤ ፈቃዱን የሚያገኘው መውለድ የማይችል ወይም እንዳይወልድ የተደረገ ሰው ብቻ ነው ሲል ደነገገ። ይህም ግዴታ እስከ 2013 ጸንቶ ኖረ። በ2018 ፓርላማው ለተበደሉት ለእያንዳንዳቸው 225,000 የስዊድን ክሮና ካሳ እንዲከፈል ወሰነ። ካሳ ኪስን ይሞላ ይሆናል፤ ያልተወለደውን ልጅ ግን አያመጣም። ወጣት አንባቢ ሆይ፣ መንግሥት «ወይ ወረቀትህን ወይ ልጅህን ምረጥ» ያለው ሰው ሌሊቱን እንዴት እንደሚያድር እስቲ አስበው።

እኔ አንድ ጊዜ በአንድ መሥሪያ ቤት ስሜን አሳስተው ጽፈውብኝ፣ እኔ እኔ መሆኔን ለማስረዳት ሦስት ሳምንት ከመስኮት ወደ መስኮት ተመላልሻለሁ። ጸሐፊው ወረቀቱንና ፊቴን እያስተያየ ራሱን በነቀነቀ ቍጥር እሸማቀቅ ነበር፤ እንቅልፍም አጣሁ። የእኔስ ነገር በአንድ ማኅተም ተቃና። መታወቂያው ከመልኩ ጋር የሚጣላበት ሰው ግን ሥራ ሲጠይቅ፣ ቤት ሲከራይ፣ ሐኪም ቤት ሲሄድ ይህንኑ ውርደት ዕድሜውን ሙሉ ይቀምሳል።

ብዙ ሰው «ይህ ራሱ የአእምሮ በሽታ ነው» ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገሮች በ2019 ባጸደቁት የበሽታዎች መዝገብ ግን ይህ ሁኔታ ከአእምሮ በሽታዎች ተራ ወጥቷል። ታዲያ ጭንቀቱን የሚያበዛው ምንድን ነው? በ2018 በአሜሪካ በ129 ትራንስጀንደር ወጣቶች ላይ የተደረገ ጥናት ታትሞ ነበር። በቤት፣ በትምህርት ቤት፣ በሥራና በጓደኞች ዘንድ ራሳቸው በመረጡት ስም የሚጠሩበት ስፍራ በበዛ መጠን፣ ትካዜያቸውና ራስን የመግደል ሐሳባቸው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። እኛ ስምን መልአክ ያወጣዋል የምንል ሕዝብ የስም ክብደት አይጠፋንም።

ምላስ አጥንት የላትም፤ አጥንት ግን ትሰብራለች። ያልገባህን ሁሉ ዛሬውኑ ተረዳ አልልህም፤ ለመስደብ ግን አትቸኵል እላለሁ። የሸንጎውን ሕግ የሚያወጡት ጥቂቶች ናቸው፤ የምላስን ሕግ ግን እያንዳንዳችን በየዕለቱ በገዛ አፋችን እንደነግጋለን።