የጀሪካኑ ውኃ



ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ አንዲት አሮጌ መኪና ነው። የመኪና ወግ ለቤተሰብ መጽሔት ምን ያደርጋል የሚል ይኖር ይሆናል። እናታችንን አሳፍረንባት መንገድ ላይ ባንቀር ኖሮ እኛም እንደዚያው እንል ነበር።

እኛ በንፋስ መውጫ በመምህርነት ሥራ የምንተዳደር ነን። ከታላቅ ወንድማችን ጋር ገንዘብ አዋጥተን አንዲት ዲኤክስ ኮሮላ ገዝተን ነበር። ሞተሯ ደህና ነው። ቦዲዋም ቢሆን ለዕድሜዋ አያሳፍርም። ጠዋት ስትነሳ ግን ከሥሯ መሬቱ ረጥቦ ይገኛል። ኮፈኑን ከፍተን ብናይ በራዲያተሩ ጠርዝ፣ ስታኞ በተበየደበት መስመር ላይ፣ አረንጓዴ ዝገት አቆጥቁጧል። እኛም ጠብ የምትል ውኃ ምን ታመጣለች ብለን በየጠዋቱ ያገኘነውን ውኃ፣ አንዳንዴ የቧንቧ፣ አንዳንዴ የወንዝ፣ እየሞላን እንነዳ ጀመር።

በኋላ አንድ ወዳጃችን የእንቁላል ነጭ ጨምሩበት አለን። ጨመርን፤ እውነትም ቆመ! ሁለት ሳምንት ያህል መሬቱ ደረቅ ሆኖ አደረ። በአንድ እንቁላል የጋራዥ ሒሳብ አመለጥን ብለን ለጎረቤት ሁሉ አወራን።

በ2009 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ላይ እናታችን ሌሊቱን ሆዷን ቆርጧት አደረ። ጠዋት ጤና ጣቢያ ወሰድናት፤ ሳትውሉ ሳታድሩ ደብረ ታቦር ሆስፒታል አድርሷት ተባልን። ሌላ መኪና እስኪገኝ መጠበቁን ስላልፈለግን በኮሮላዋ ተነሣን። አጎታችን ሼሁ ለውዱእ የሚሆን አንድ የአምስት ሊትር ጀሪካን ውኃ ይዘው ከኋላ ከእናታችን ጎን ተቀመጡ።

ጎብጎብን አልፈን አቀበቱን ስንያያዝ የሙቀቱ ቀስት ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ወንድማችን ይወርዳል አለ። አልወረደም። ብዙም ሳንሄድ ከኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ተትጎለጎለ። ዳር ይዘን አቆምን። ወንድማችን ጨርቅ ጠቅልሎ ክዳኑን ሊከፍት ሲል ከኋላችን የደረሰ የአይሱዙ ሹፌር «ተው! ፊትህን ይልጥሃል!» ብሎ ጮኸበት። ወርዶ ሞተሩን አየልንና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ክዳኑን እንዳትነኩት፣ በጋለ ሞተር ላይም ቀዝቃዛ ውኃ እንዳትደፉበት፣ ቴስታታው ይሰነጠቃል ብሎን ሄደ። ጭነቱ ሞልቶ ስለነበር በሽተኛ ማስተኛ ቦታ አልነበረውም።

ያ ግማሽ ሰዓት አይረሳንም። እናታችን አትጮህም፤ የሻሿን ጫፍ ነክሳ ዝም ብላለች። ዙህር ደርሷል። በአካባቢው ወንዝ አይታይም፤ ያለን ውኃ የጀሪካኑ ብቻ ነው። እኛ አፍረን ሳንጠይቃቸው ሼሁ ራሳቸው ጀሪካኑን አውጥተው ሰጡን። «እኔ ተየሙም አደርጋለሁ፤ አፈሩ ሞልቷል። እሷ ግን ተየሙም አታውቅም፤ ለእሷ ስጧት» አሉ። እናታችን በዚያ ሁሉ ሕመም ውስጥ ፈገግ አለች። ሼሁ መዳፋቸውን አፈሩ ላይ መታ አድርገው ፊታቸውንና እጃቸውን አበሱና መንገዱ ዳር ሰገዱ።

ሲቀዘቅዝላት ሞተሩን አስነሥተን ውኃውን ጥቂት በጥቂት ጨመርን። ሹፌሩ እንደነገረን የመኪናዋን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፈትነው፤ ከሞተሩ ሙቀት የተወሰነውን ወደ ውስጥ ይስባልና። መስኮት ከፍተን፣ በላብ ተጠምቀን፣ እየቆምን እየሄድን ክምር ድንጋይ ደረስን። እዚያ ውኃ ሞልተን ለዐስር ደብረ ታቦር ገባን። በዚያው ማታ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ አልሐምዱሊላህ ዳነች።

ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ቁጭ ብለን ያሰብነውን ሳንደብቅ እንንገራችሁ። እኛ የምናስተምረው ፊዚክስ ነው። ከፍ ባለ ቦታ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውኃ ቶሎ እንደሚፈላ በየዓመቱ በጠመኔ እንጽፋለን። ንፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውኃ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ወረታ ያደገችው የወንድማችን ባለቤት እኛ ዘንድ ስትመጣ ሽምብራው አልበስል ብሏት ተቸግራ የነበረውም ለዚሁ ነው። የመኪና ሞተር ደግሞ ውኃውን 80 እና 90 ዲግሪ ድረስ አሙቆ መሥራቱ የተለመደ ነው። ታዲያ እንዴት ሁልጊዜ አይፈላም? የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን አፍኖ ስለሚይዝ ነው። የእኛዋ መኪና ክዳን ላይ 0.9 የሚል ቁጥር አለ፤ ያ ግፊት ከተጠበቀ በእኛው ደጋም ውኃው ከ110 ዲግሪ በፊት አይፈላም። ራዲያተሩ ከተበሳ ግን ግፊቱ ያመልጣል፤ የመፍያው ነጥብ ወደ 90 ይወርዳል። እኛ የቆጠርነው የሚንጠባጠበውን ውኃ ነው፤ የሚያመልጠውን ግፊት አልቆጠርነውም። ተማሪ ይህን ቢስት ነጥብ እንቀንስበት ነበር።

ደብረ ታቦር ያገኘነው መካኒክ ራዲያተሩን ፈትቶ አሳየን። የእንቁላሉ ነጭ በስቶ ከሚወጣው ቀዳዳ ይልቅ ቀጫጭኖቹን ቱቦዎች ደፍኖ ደርቋል። የመዳብ ክንፎቹ በጣት ሲነኩ ይፈረፈራሉ። «ስታኞ የሚይዘው ጤነኛ ብረት ሲያገኝ ነው። ይህን ለጊዜው እበይደዋለሁ፤ ለመንገድ ግን አትመኑት» አለን። ደግነቱ የድሮ ራዲያተር መዳብና ነሐስ ስለሆነ ይበየዳል፤ የአሁኖቹ አሉሚኒየምና ፕላስቲክ ሲሆኑ ከተሰነጠቁ ባብዛኛው መቀየር ነው።

ያበላሸውም የእኛው የየጠዋቱ ውኃ ነው። በየጊዜው አዲስ ውኃ በተጨመረ ቁጥር አዲስ አየርና አዲስ ማዕድን ይገባል፤ ብረቱን ያዝገዋል፣ ቱቦውን ያጠበዋል። ኩላንት የሚባለው ፈሳሽ ከንጹሕ ውኃ ጋር ሲቀላቀል ዝገትን ይከላከላል፤ በእኛ ብርድም ውኃው በረዶ ሆኖ ሞተሩን እንዳይሰነጥቅ ያደርጋል። እናቶች ግን ይህን ልብ በሉ፦ ብዙው ኩላንት የሚጣፍጥ መርዝ ነው። ሕፃንም ከብትም ይልሰዋል፤ በለስላሳ ጠርሙስ ቀድቶ ማስቀመጥም ሆነ ደጅ መድፋት አይገባም።

ንፋስ መውጫ እንደተመለስን አንድ ሰው ከእስቴ መኪናዋን ሊገዛ መጣ። ከሥር ጎንበስ ብሎ አየ፤ ደረቅ ነው። ስለ ራዲያተሩ አልጠየቀም። ወንድማችን እኛን አየ፤ እኛ መሬት መሬቱን አየን። ራዲያተር መቀየሪያ ብር አልነበረንም፤ የሕክምናው ዕዳም አለብን። በልጅነታችን መድረሳ ውስጥ የሽያጭን ምዕራፍ ስንቀራ፣ ሻጭ የሚያውቀውን ነውር መደበቅ እንደማይፈቀድለት ኡስታዛችን ደጋግመው አስቀርተውናል፤ ያኔ ምሳሌው በቅሎና እህል ነበር። እናታችን ከውስጥ ተኝታ ትሰማለች። እኛ አፋችንን ሳንከፍት «እናንተ ልጆች፣ ያቆመቻችሁን ቦታ ንገሩት እንጂ!» ስትል ድምፅዋ መጣ።

ነገርነው፤ እንቁላሉንም ሳይቀር። ሰውየው ስቆ ሄደ። በሦስተኛው ሳምንት መካኒክ ይዞ ተመለሰና የአንድ ራዲያተር ዋጋ ቀንሶ ገዛን። ቅር ያለን ወንድማችን ብቻ ነው ብንል ውሸት ይሆንብናል።

ከመኪናዋ ጋር ክሪክና ትርፍ ጎማ አስረከብነው። ጀሪካኑን ግን ሼሁ ቀድመው ወስደውት ነበር።