ለልጆቻችን የለመኑት እናት

እናቴ ልጅ ቀብራ የምታውቅ ሴት ነበረች። ይህን የምላችሁ በሐዘኗ ልጀምር ብዬ አይደለም፤ በዚያ ዘመን በእኛ ሰፈር ልጅ ያልቀበረች እናት ፈልጎ ማግኘት ይቸግር ስለነበር ነው። የእኔ ተከታይ እህቴ በኩፍኝ ሄደች። ከእሷ በኋላ የመጣው ወንድሜ ደግሞ ዳዴ ማለት በጀመረበት ክረምት ትኩሳት ያዘው፤ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ አለ። ጎረቤት ዳማከሴ ጨምቆ መጣ፤ ጤና አዳሙ ተሸተተ፤ ጠበሉም ተረጨ። እናቴ ልጁን ታቅፋ ግድግዳውን ታያለች እንጂ አታለቅስም። አለማልቀሷ ነበር እኔን ያስፈራኝ።

«ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ውሰጂው እንጂ እታለም፤ ምን ትጠብቂያለሽ?» አላት ታናሽ ወንድሟ፣ አጎቴ።

ወሰደችው። እኔም የነጠላዋን ጫፍ ይዤ በጭቃው ተከተልኩ። ከዚያ ቤት እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ የቀረው ሽታው ነው፦ የአልኮል፣ የተቀቀለ መርፌ፣ ዝናብ የመታው ጋቢ፣ በመስኮት የሚገባ የባሕር ዛፍ። ነጭ ቆብ ያደረገች ነርስ ወንድሜን ከእናቴ ክንድ ተቀበለችና ጎኑን በመዳፏ ዳሰሰችው። «አይዞሽ እቱ፤ የሳንባ ምች ነው፤ ይድናል» አለቻት። እናቴ ይህን ጊዜ አለቀሰች። ፔኒሲሊኑ ተወጋ፤ ልጁ እየዋለ እያደረ ዐይኑን ገለጠ፤ ጡት ጠየቀ።

ስማቸው በሆስፒታሉ ላይ የተጻፈው ልዕልት ማን እንደነበሩ ያወቅሁት ከአጎቴ ነው። አጎቴ ጋዜጣ የሚያነብ፣ ያነበበውንም ለሰፈሩ ሁሉ የሚያወራ ሰው ነበር። ልዕልት ፀሐይ የጃንሆይ ልጅ ናቸው። አባታቸው በስደት እንግሊዝ ሳሉ ለንደን ውስጥ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው ነርስነት ተማሩ። የንጉሥ ልጅ የድሃ ልጅ እያጠቡ፣ እያስታመሙ ማለት ነው። ሀገር ነፃ ስትወጣ ተመልሰው አገቡ፤ ግን ብዙም አልቆዩ፤ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. ነቀምት ላይ በወሊድ ምክንያት ዐረፉ። ገና 22 ዓመታቸው ነበር።

አጎቴ እዚህ ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርግና «እንግዲህ ሀብታም አይደሉም አሉ» ብሎ ስለ ሌላዋ ሴት ይጀምራል። ስለ እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት።

ሚስ ፓንክረስትን ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በጋዜጣቸው ነው። ጠላት ጣሊያን አዲስ አበባ በገባበት ቀን፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ለኢትዮጵያ የቆመ ጋዜጣ ለንደን ላይ ማሳተም ጀመሩ፤ 20 ዓመትም ገፉበት። እኔ ግን የማስባቸው በሌላ ነው። ልዕልት ፀሐይ ሲሞቱ መታሰቢያቸው ሐውልት ሳይሆን ሆስፒታል ይሁን ብለው የተነሡት፣ ለእርሱም ከሀገራቸው ሰው ገንዘብ ለማሰባሰብ ደጅ የጠኑት እሳቸው ናቸው። ጦርነት ባደቀቃት እንግሊዝ፣ ሕዝቡ እንጀራውን በራሽን በሚበላበት ዘመን፣ አይቶት ለማያውቀው ሀገር ሕፃናት አምጡ ብለው ጠየቁ። ሰውም ሰጠ። ሆስፒታሉ በ1940ዎቹ መጀመሪያ በሩን ከፈተ።

እድሜዬ ገፍቶ ስለሳቸው ሳነብ ነገሩ ከእኛ እንዳልጀመረ አወቅሁ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ የለንደን ምሥራቅ ሰፈር ድሃ እናቶች ባሎቻቸው ዘምተው ልጆቻቸው በረሃብ ሲያልቁ፣ መጠጥ ቤት የነበረውን ቤት የሕፃናት መዋያና ክሊኒክ አድርገውት ነበር፤ ወተትም ያድሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930 ደግሞ በእንግሊዝና በዌልስ በየዓመቱ 3 ሺህ ያህል እናቶች በወሊድ፣ 20 ሺህ ሕፃናትም እንደሚሞቱ ቆጥረው ይህ ይብቃ የሚል መጽሐፍ ጻፉ። ለካ የእናቴን ሐዘን እኛን ሳያውቁ ያውቁት ኖሯል።

በ1948 ዓ.ም.፣ ከ70 ዓመት በላይ ሆነው፣ ልጃቸውን ሪቻርድን ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። በሌላ ሰው ቢሆን የዕረፍት ጊዜ ነው፤ እሳቸው መጽሔት አቋቋሙ፤ በጎ አድራጎቱንም ቀጠሉ።

ያረፉት መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት ነው። ከተማው አደይ አበባና የደመራ ጢስ ይሸታል፤ እኛ ልጆች በዓሉ ላይ ነን። ወሬው ሲደርስ እናቴ የበዓል ቀሚሷን አውልቃ ጥቁር ለበሰች። ቀብሩ ሥላሴ ካቴድራል ሲሆን ወንድሜን በአንድ እጇ፣ እኔን በሌላው ይዛ ሄደች። ጃንሆይ ራሳቸው ተገኝተዋል፤ ሰዉ ከግቢው ተርፏል። ከፊታችን የቆመች ሴት እናቴ ስትንሰቀሰቅ አይታ ዞረችና «ታውቂያቸዋለሽ እንዴ?» አለቻት።

«እኔስ አላውቃቸውም» አለች እናቴ፤ «ልጄ ግን በሳቸው ቤት ነው የዳነው።»

ራስ አንዳርጋቸው መሳይ ባደረጉት ንግግር፣ በኢትዮጵያ አፈር ያረፉ ናቸውና እንደ ኢትዮጵያዊት እንቆጥራቸዋለን ማለታቸውን አጎቴ ማታ ነገረን። እናቴ ግን አስቀድማ ቆጥራቸው ነበር።

ሆስፒታሉ ብዙ አይቷል። ሐኪሞቹ ካትሪንና ሬጂናልድ ሃምሊን፣ ኋላ የፌስቱላ ሆስፒታልን የመሠረቱት፣ በ1951 ዓ.ም. ከሀገራቸው ሲመጡ የገቡት እዚያው ልዕልት ፀሐይ ነበር። ዘመን ሲለወጥ ስሙም ተለወጠ፤ ዛሬ ጦር ኃይሎች ነው የሚባለው። ወጣት የታክሲ ረዳት «ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች!» ሲል ስሰማ ልቤ ስንጥቅ ይላል፤ በልጁ አልፈርድም፤ ማን ነግሮት! የሚስ ፓንክረስት ልጅ ሪቻርድም በ2009 ዓ.ም. እናታቸው ባሉበት ሥላሴ ግቢ ዐረፉ።

ወዳጆቼ፣ ሰው በጎ አድራጊ ለመሆን መጀመሪያ ሀብታም መሆን አለበት ሲባል እሰማለሁ። እኔ የዳነ ወንድም ያለኝ ሰው ነኝና አልቀበለውም። ሚስ ፓንክረስት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ለሰው ልጅ ለመለመን የማያፍር ፊት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይላሉ አባቶቻችን፤ እሳቸው ሃምሳውን ሰው ፈልገው ያገኙ ናቸው። ዛሬም በየመንገዱ የታመመ ሕፃን ፎቶ ይዘው ለሕክምና የሚያሰባስቡ ወጣቶች ታገኛላችሁ። አጣርታችሁ፣ እውነት መሆኑን አውቃችሁ ስጧቸው። የምትሰጡት ከሌላችሁ አብራችኋቸው ቁሙና ለምኑ። ሥላሴ ስትሄዱም የሲልቪያ ፓንክረስትን መቃብር ለልጆቻችሁ አሳዩልኝ፤ የልዕልት ፀሐይንም ስም አብራችሁ ንገሯቸው።